የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሙዚቃን በቤት ለመቅዳት የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተጻፉ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ኮምፒውተር አላቸው፤ ሙዚቃ ይወዳሉ፤ የራሳቸውንም ሥራ በቤታቸው መቅዳትና ማቀናበር ይሻሉ። ነገር ግን ከፕሮግራሞቹ ብዛት የተነሣ ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ገብቷቸዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ ተመሳሳዮቹንም አንድ ላይ አድርገን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ጊታር እጫወታለሁ፤ እዘፍናለሁም። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ዊንዶውስ ላፕቶፕ አለኝ። የራሴን ዜማዎች ቀድቼ፣ ከሥራቸው ከበሮና ቤዝ ማስገባት እፈልጋለሁ። ሰው ባማክር አንዱ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ሌላው ኪውቤስ፣ ሦስተኛው ኤብልተን ላይቭ ይለኛል፤ ሁሉም የያዘውን ያወድሳል። ለጀማሪ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሦስቱም መካሪዎችዎ እውነታቸውን ነው። ምክራቸው የተለያየው ሙዚቃ የሚሠሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነውና፣ ከፕሮግራሞቹ ስም በፊት የእርስዎን መንገድ መለየት ይቀድማል።

በኮምፒውተር ሙዚቃ መሥራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ቦታ ማገናኘት ነው። አንደኛው ቀረጻ ሲሆን፣ ከማይክሮፎን ወይም ከጊታር ገመድ የሚመጣውን ድምፅ ወደ ቁጥር ለውጦ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ሲኩዌንሲንግ ይባላል፤ ይኸውም የትኛው ኖታ መቼ፣ በምን ጉልበትና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚመታ ጽፎ፣ ድምፁን በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ መሣሪያ እንዲያወጣው ማድረግ ነው። ዛሬ የታወቁት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ሁለቱንም ይሠራሉ፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ መጀመሪያ የተሠራለት ዓላማ በአቀማመጡ ላይ አሁንም ይታያል። ኪውቤስ እ.ኤ.አ. በ1989 ለአታሪ ኤስቲ ኮምፒውተር ሲወጣ የሚያቀናብረው የሚዲ ኖታዎችን፣ ማለትም ድምፁን ሳይሆን የትኛው ኖታ እንዴት እንደሚመታ የሚናገረውን ትእዛዝ ብቻ ነበር፤ በኖታ እርማት ረገድ ዛሬም ብዙ መሣሪያ የሚያቀርበው ከዚያ ጀምሮ ስለመጣ ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮ የከበሮ ምትን በተደረደሩ ትንንሽ ሳጥኖች ላይ እየነኩ ከሚያቀናብሩበት ፕሮግራም ያደገ በመሆኑ፣ ሙዚቃውን ከምት ለሚጀምር ሰው እጅግ ይመቻል። ኤብልተን ላይቭ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ በመድረክ ላይ አጫጭር የሙዚቃ ቁራጮችን እያፈራረቁ ለመጫወት የታሰበ ነበር፤ ዛሬም ከሁለቱ ዋና ገጾቹ አንዱ ለዚሁ የተሰጠ ነው። ፕሮ ቱልስ ደግሞ በስቱዲዮዎች የቴፕ መቅረጫን እየተካ የመጣ ስለሆነ፣ ዋናው ኃይሉ የተቀዳን ድምፅ መቁረጥ፣ መቀጠልና ማመጣጠን ላይ ነው።

የእርስዎ ሙዚቃ የሚጀምረው ከድምፅዎና ከጊታርዎ ነው፤ ከበሮውና ቤዙ በኋላ የሚከተሉ ናቸው። ስለዚህ ከቀረጻ የሚነሣ ፕሮግራም ያስፈልግዎታል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሪፐር በተባለው እጀምር ነበር። ፕሮግራሙ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ በመጠነኛ ላፕቶፕ ላይ ሳይከብድ ይሠራል፤ አንዳችም ሳይቀነስበት ለ60 ቀን መሞከር ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው የግል ተጠቃሚ ፈቃድም ከታላላቆቹ ፕሮግራሞች ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው። ጉድለቱን አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ሪፐር ለመቅዳትና ለማረም ብዙ መሣሪያ ቢኖረውም፣ ከበሮ፣ ፒያኖ ወይም ቤዝ የሚሆን የተዘጋጀ ድምፅ ይዞ አይመጣም ማለት ይቻላል። እነዚህን ፕለጊን በሚባሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ከውጭ ማስገባት ይኖርብዎታል። በነፃ የሚገኙ ጥሩ ጥሩ ፕለጊኖች አሉ፤ ሆኖም ፍለጋው የመጀመሪያውን ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃል። ገንዘብ ጨርሶ ላለማውጣት ከፈለጉ ዌቭፎርም ፍሪ የትራክ (እያንዳንዱ ድምፅ ወይም መሣሪያ ለብቻው የሚቀመጥበት መስመር) ቁጥር ገደብ የሌለው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ እርሱም ሁለቱንም ሥራዎች ይሠራል። ማክ ኮምፒውተር ቢኖርዎ ኖሮ መልሴ ከዚህ ያጥር ነበር፤ ጋራጅባንድ በነፃ የሚገኝ፣ የራሱ ከበሮና መሣሪያዎች ያሉት፣ የተሠራበትም ሥራ በኋላ ሎጂክ ፕሮ በተባለው ከፍ ያለ የማክ ፕሮግራም የሚከፈት ስለሆነ ለጀማሪ ከእርሱ የሚቀል አላውቅም።

ነፃ ስለሆኑ ብቻ በብዛት የሚመከሩ ሁለት ፕሮግራሞችን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። ኦዳሲቲ ድምፅን ለመቅዳት፣ ለመቁረጥና ለማጽዳት ግሩም ነው፤ ግን የሚዲ ኖታ ጽፈው ከበሮ ሊያቀናብሩበት አይችሉም። ኤልኤምኤምኤስ በተቃራኒው ኖታና ምት ለማቀናበር የተሠራ ነው፤ በማይክሮፎን መዝፈን ለሚፈልግ ሰው ግን አይሆንም። የትኛውም መጥፎ አይደለም፤ ለእርስዎ ፍላጎት ግን እያንዳንዱ ግማሽ ነው። የኤፍኤል ስቱዲዮን የሙከራ ቅጂ ሲሞክሩም አንድ ነገር ያስታውሱ፦ ሥራዎን ማስቀመጥ ይፈቅዳል፤ ያስቀመጡትን መልሶ ለመክፈት ግን ፈቃዱን መግዛት ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ የብዙ ሌሊት ድካማቸው ተቆልፎባቸው ያዘኑ ጀማሪዎች አጋጥመውኛል።

8 ጊጋባይት ሜሞሪ ለጅማሬ ይበቃል። ሜሞሪ የሚበላው ቀረጻው ሳይሆን፣ ከእውነተኛ መሣሪያ በተቀዱ በሺህ የሚቆጠሩ ድምፆች የተሞሉ ትልልቅ የፒያኖና የኦርኬስትራ ፕለጊኖች ናቸው። ላፕቶፑ መንተፋተፍ ሲጀምር በሚዲ የተሠራውን ትራክ ወደ ድምፅ ፋይል የሚለውጠውን ትእዛዝ ይጠቀሙ፤ ሸክሙ ወዲያው ይቀልለታል።

ለመወሰን ከተቸገሩ ግን የሰው ምስክርነት ከመሰብሰብ ይልቅ ሁለት ፕሮግራሞችን መርጠው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቀን ሰጥተው፣ አንድ ዓይነት ሥራ ይሥሩባቸው። ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም ከፍተው የአንድ ደቂቃ ጊታር ይቅዱ፤ በላዩ ይዝፈኑ፤ ከዘፈኑት ውስጥ አንዲት ስንኝ ብቻ መልሰው ይቅዱ፤ ስምንት ባር ከበሮ በኖታ ይጻፉ፤ በመጨረሻም ሁሉን በአንድ የድምፅ ፋይል አውጥተው በስልክዎ ያዳምጡ። በሁለተኛው ቀን ማታ እጅዎ የቱ ላይ እንደተሰነከለና የቱ ላይ እንደፈታ ሳይጠየቅ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ትንሽ ኪቦርድ ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኝቼ አንድ ሙዚቃ አቀናበርኩ። ሚዲ ፋይሉን ለወዳጄ ብልክለት ፒያኖው እንደ መጫወቻ ዕቃ፣ ከበሮውም እንደ ቆርቆሮ ሆኖ ተሰማኝ አለኝ። እኔ ዘንድ ግን ያማረ ነው። ፋይሉ በመንገድ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ የመረጥኩት ፕሮግራም ነው የሚያበላሸው?

መልስ፦ ፋይሉም አልተበላሸም፤ ፕሮግራሙም አላጠፋም። ሚዲ ድምፅ አይደለም። ይህ ነገር በአግባቡ ከገባዎት በምርጫውም ሆነ በሥራው የሚገጥምዎ ግራ መጋባት ግማሹ ይወገዳልና፣ ጥቂት ልቆይበት።

እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተለያዩ ድርጅቶች የሠሯቸው ኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና ሮላንድ የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ ድርጅት መሥራች የሆኑት ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ይህን የጋራ ቋንቋ በማውጣቱ ሥራ ግንባር ቀደም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 በተካሄደው የሙዚቃ መሣሪያዎች ዐውደ ርእይ ላይ የሁለት ተፎካካሪ ድርጅቶች ኪቦርዶች በአንድ ገመድ ተገናኝተው፣ በአንዱ ላይ የተመታው በሌላው ላይ ተሰማ። ለዚህ ሥራቸው ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2013 የቴክኒክ ግራሚ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ተፎካካሪዎች ተስማምተው ለሁሉም ክፍት ያደረጉት ቋንቋ ከአርባ ዓመት በኋላም በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ መሥራቱ ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

በዚያ ገመድ ውስጥ የሚያልፈው መልእክት አጭር ነው፦ «60ኛው ኖታ በ90 ጉልበት ተመታ»፤ ቀጥሎም «60ኛው ኖታ ተለቀቀ»። ኖታዎቹ ከ0 እስከ 127 ቁጥር አላቸው፤ 60ኛው በፒያኖ መካከል ያለው ዶ ነው። የምቱ ጉልበትም እስከ 127 ይቆጠራል። መልእክቶቹ በ16 ቻናሎች ይከፋፈላሉ። ስለ ፒያኖው እንጨት፣ ስለ ክሩ ወይም ስለ ክፍሉ ማስተጋባት የሚናገር አንድም ቃል የለበትም። እርስዎ ለወዳጅዎ የላኩት ጽሑፍ ነው፤ ያንን ጽሑፍ በእርስዎ ቤት ያነበበው ያማረ ድምፅ ያለው ፕለጊን ሲሆን፣ በእርሱ ቤት ያነበበው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያገኘው ተራ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ጄነራል ሚዲ የተባለ ስምምነት 128 መሣሪያዎችን በቁጥር ደንግጎ፣ ለከበሮ 10ኛውን ቻናል መድቧል። በዚህ ምክንያት የእርስዎ ፒያኖ እዚያ ሲደርስ ዋሽንት አልሆነም። ፒያኖው ምን ያህል ያማረ እንደሚሆን ግን የትኛውም ስምምነት አይደነግግም።

እንግዲህ ወዳጅዎ እንዲያዳምጥ ብቻ ከሆነ፣ ሙዚቃውን በዌቭ የድምፅ ፋይል አውጥተው ይላኩ። ኖታዎቹን እንዲያርም ወይም በራሱ መሣሪያ እንዲያጫውት ከሆነ ሚዲውን ይላኩ፤ እርስዎ ያሰቡት ምን እንደሚመስል እንዲሰማም የድምፅ ፋይሉን አብረው ይላኩለት።

ድምፅ አለመሆኑ የሚዲ ጉድለት ተደርጎ እንዳይወሰድ። በዚሁ ምክንያት ነው የተሳሳተ ኖታ ሳይቀዱ ማረም፣ ቶኑን ለድምፃዊው ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ ፍጥነቱን መለወጥና የፒያኖውን ክፍል ለቫዮሊን መስጠት የሚቻለው። ስለዚህ ፕሮግራም ሲመርጡ ኖታ የሚጻፍበትን ገጽ አጥብቀው ይፈትሹ፤ ፒያኖ ሮል ይባላል። ኖታ ለመጨመርና ለማሳጠር ስንት ጊዜ መንካት ያስፈልጋል? የእያንዳንዱ ምት ጉልበት በቀላሉ ይታያል ወይ? በተለይም ኳንታይዝ የሚባለው፣ ያፈነገጡ ምቶችን ወደ ትክክለኛው ቦታ የሚስበው ትእዛዝ በመጠን የሚታዘዝ ነው ወይ? ሁሉን ነገር መቶ በመቶ ወደ መስመሩ የሚስብ ኳንታይዝ የእጅዎን ለዛ አጥቦ ይወስደዋል። ከሃምሳ እስከ ሰባ በመቶ ብቻ ሲስቡት ግን ስሕተቱ ይሸሸጋል፤ አጨዋወቱ የሰው እንደሆነ ይቀራል። ጀማሪዎች በሚያቀናብሩት ከበሮ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምቱ ሁሉ በአንድ ጉልበትና በአንድ መስመር ተሰልፎ ሕይወት ያጣል።

ዜማዎ ከኖታ ወደ ኖታ የሚንሸራተት ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበሉ። በኪቦርዱ ጎን ያለው ድምፅ ማጠፊያ ጎማ ከ16,000 በላይ በሆኑ ደረጃዎች ስለሚላክ እንቅስቃሴው ለስላሳ ነው፤ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚወስነው ግን ተቀባዩ መሣሪያ ነው። የተለመደው ወደ ላይና ወደ ታች ሁለት ሁለት ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ሲሆን፣ ሌላ ልክ በተሰጠው ፕለጊን ላይ ያንኑ ዜማ ቢያጫውቱት መንሸራተቱ ከቅኝት ይወጣል። መሣሪያ በቀየሩ ቁጥር ይህን ልክ ይመልከቱ።

ኖታ አንባቢ ከሆኑና የታተመ ወረቀት የሚፈልጉ ከሆነ፣ ለዚያ ተብሎ የተሠራው ነፃ ፕሮግራም ሙዝስኮር ነው።

ጥያቄ፦ በማይክሮፎን ስዘፍን የራሴ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ዘግይቶ ይሰማኛል፤ ምቱንም ያሳስተኛል። ሦስት ፕሮግራም ቀያየርኩ፤ ለውጥ የለም። የማይዘገየው የቱ ነው?

መልስ፦ እባክዎ አራተኛውን አይቀይሩ። መዘግየቱ የሚመጣው ከፕሮግራሙ ሳይሆን በማይክሮፎኑና በፕሮግራሙ መካከል ካለው መንገድ ነው።

ኮምፒውተር ድምፅን እንደ ወራጅ ውኃ አይቀበልም፤ በባልዲ እየቀዳ ነው የሚወስደው። ባልዲው በፈር ይባላል፤ እስኪሞላ ድረስ ድምፁ ይጠብቃል። በሴኮንድ 48,000 ናሙና (ድምፁ በቁጥር የተለካበት ቅጽበት) እየቀዱ በፈሩን 1,024 ናሙና ካደረጉት፣ ለመግባት ብቻ 21 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ ለመውጣትም ሌላ 21 ይጨመርበታል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ይህ ራስዎን ከ14 ሜትር በላይ ርቆ ከቆመ ስፒከር እንደ መስማት ነው። በፈሩን ወደ 128 ሲያወርዱት በአንዱ አቅጣጫ 3 ሚሊሴኮንድ እንኳ አይሞላም፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሲደመር ሁለት ሜትር ከማይሞላ ርቀት እንደ መስማት ስለሆነ አያስቸግርም። ስለዚህ ሲቀዱ በፈሩን ዝቅ ያድርጉ። ቀረጻውን ጨርሰው ማመጣጠን ሲጀምሩ ከፍ ያድርጉት፤ ያን ጊዜ መዘግየቱ አይጎዳም፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ፋታ ያገኛል።

በዊንዶውስ ላይ በፈሩን ዝቅ ለማድረግ አሲዮ የተባለ ድራይቨር፣ ማለትም ፕሮግራሙን ከድምፅ ካርዱ ጋር በአጭር መንገድ የሚያገናኝ አነስተኛ ፕሮግራም፣ ያስፈልጋል፤ በፕሮግራሙ የድምፅ ቅንጅት ገጽ ላይ መመረጡን ያረጋግጡ። በላፕቶፑ ውስጥ ያለው የድምፅ ካርድ የራሱ አሲዮ ስለሌለው ብዙዎች አሲዮ ፎር ኦል የተባለውን ነፃ ድራይቨር ይጭናሉ፤ ይረዳል፤ ሁነኛው መፍትሔ ግን የራሱ አሲዮ ድራይቨር ያለው፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ማይክሮፎኑንና ማዳመጫውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ድምፅዎ ወደ ኮምፒውተሩ ከመግባቱ በፊት በቀጥታ ወደ ማዳመጫው የሚልክ ቁልፍ አላቸው፤ ያንን ከከፈቱ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የትራኩን ማሰሚያ ይዝጉ፤ አለዚያ ራስዎን ሁለት ጊዜ ይሰማሉ። ለሶፍትዌር ያሰቡት ገንዘብ ካለ እኔ በቅድሚያ የማውለው ለዚህ መሣሪያ ነው።

በደብዳቤዎ ያልገለጹት አንድ ነገር አለ፦ ማዳመጫዎ በብሉቱዝ የሚሠራ ከሆነ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ብሉቱዝ በራሱ የሚጨምረው መዘግየት በፈርን በማስተካከል የሚወገድ አይደለም፤ ለቀረጻ ገመድ ያለው ማዳመጫ ይጠቀሙ።

ቅንጅቱን እግረ መንገድዎን ሲያዩ ቀረጻውን በ24 ቢት ያድርጉት። በ16 ቢት በጸጥታና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ስፋት 96 ዴሲቤል ያህል ሲሆን፣ በ24 ቢት 144 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጮክ ያለውን ስንኝ እንዳያቃጥል መጠኑን ዝቅ አድርገው ቢቀዱም ምንም አያጡም።

ጥያቄ፦ በነፃ ፕሮግራም የተሠራ ሙዚቃ ጥራቱ ዝቅ ይላል? አድማጭስ ያውቀዋል?

መልስ፦ አይልም፤ አያውቅምም። ድምፅን መቅዳትና መደመር በነፃውም በውዱም ፕሮግራም ያው የቁጥር ስሌት ነው። በገንዘብ የሚገዛው አብረው የሚመጡት መሣሪያዎችና ኢፌክቶች፣ የሥራ ፍጥነትና ችግር ሲገጥም የሚገኘው እርዳታ ነው። አድማጭ የሚያውቀው ባዶ ክፍል ውስጥ እያስተጋባ የተቀዳን ድምፅ ነው፤ ወፍራም መጋረጃና ልብስ በተሰቀለበት ክፍል መዝፈን ከብዙ ፕለጊን ይበልጣል። ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ የውድ ፕሮግራም ቅጂ ግን አልመክርም፤ የሠሪዎቹን መብት ከመንካቱም በላይ፣ ቫይረስ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። በቅን የሚገኙ ይህን ያህል ነፃ ፕሮግራሞች ባሉበት ምንም የሚያስገድድ ምክንያት የለም።

ጥያቄ፦ ዛሬ በአንዱ ጀምሬ በኋላ ወደ ሌላ ብዛወር እስከዚያ የሠራሁት ሁሉ ይጠፋል? ይህ ፍርሃት ከመጀመር አግዶኛል።

መልስ፦ አይጠፋም፤ ግን እንዳለ አይሻገርም። እያንዳንዱ ፕሮግራም የሥራውን ፋይል የሚጽፈው በራሱ አሠራር ስለሆነ፣ የኪውቤስን ፋይል ኤብልተን ላይቭ አይከፍተውም። እ.ኤ.አ. በ2023 ቢትዊግና ፕሪሶነስ የተባሉት ድርጅቶች ዶውፕሮጀክት የተባለ ለሁሉም ክፍት የሆነ የመሸጋገሪያ ፋይል አውጥተዋል፤ ጥሩ ጅምር ነው፤ የሚቀበሉት ፕሮግራሞች ግን ገና ጥቂቶች ናቸው።

በየትኛውም ፕሮግራም መካከል የሚሠራው የቆየ መንገድ ይህ ነው። እያንዳንዱን ትራክ ለብቻው በዌቭ ፋይል ያውጡ፤ አንዱ ትራክ የሚገባው በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቢሆን እንኳ ፋይሎቹ ሁሉ ከሙዚቃው መጀመሪያ፣ ከዜሮ ይነሡ፤ እንዲህ ከሆነ በአዲሱ ፕሮግራም ውስጥ ሁሉንም ከዜሮ ሲያስቀምጧቸው እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ። በኖታ የጻፏቸውን ክፍሎች በሚዲ ፋይልም ጭምር ያውጡ። ፍጥነቱን፣ ማለትም በደቂቃ ስንት ምት እንደሆነ፣ እንዲሁም የተጠቀሙባቸውን ፕለጊኖች ስም በጽሑፍ ይመዝግቡ። የማይሻገረው የድምፅ ማመጣጠኑና የኢፌክቱ ቅንጅት ነው፤ እርሱን እንደገና መሥራት ግድ ይላል፤ ቀረጻውና ድርሰቱ ግን ከነሙሉ ክብራቸው ይሻገራሉ።

ከመዛወር ይልቅ ሥራ የሚያጠፋው ሌላ ነገር ነው። የሥራው ፋይል በአብዛኛው በውስጡ ድምፅ የለውም፤ ድምፁ በአጠገቡ ባለ ማኅደር ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል፤ ፋይሉ የሚያውቀው የት እንዳለ ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ኮምፒውተር ስቀይር የሥራ ፋይሎቹን ብቻ ገልብጬ፣ አሮጌውን ኮምፒውተር አጸዳሁት። በአዲሱ ላይ ስከፍታቸው ትራኮቹ ከነስማቸው ተደርድረዋል፤ በውስጣቸው ግን ምንም አልነበረም። ከጠፉት ውስጥ ዳግም ሊዘፈን የማይችል፣ ዛሬ በሕይወት የሌለ ወዳጄ ድምፅ ነበረበት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ማኅደር ይክፈቱ፤ ፕሮግራሙ ድምፁን ሁሉ ወደዚያ እንዲሰበስብ በማስቀመጫው ገጽ ላይ ይዘዙት፤ ማኅደሩን ሙሉውን በሌላ ዲስክ ላይም ይገልብጡ። ቦታው አያስፈራዎት፤ በ24 ቢትና በ48,000 ናሙና የተቀዳ የአንድ ማይክሮፎን ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ ዐሥር ትራክ ያለው የአራት ደቂቃ ሙዚቃ ወደ 350 ሜጋባይት ቢጠጋ ነው። ገልብጠው ሲጨርሱ ሥራውን ከቅጂው ላይ ከፍተው ሁሉም ትራክ መሰማቱን ሳያረጋግጡ ዋናውን አያጥፉ።